የፉንዲ ሙስሊማ አራት ጣት ብልጭታ

ሙስሊማ ጂኒ ታልባለች አሉ። ሞያሌ፣ በኬንያው በኩል፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ሰማያዊ በር ያለው ግቢ አለ። እዚያ ልብስ ሰፊዋ ሙስሊማ ከስፌት መኪናዋ ሥር ጂኒ አስራ፣ ከሰዓት ከአስር ሶላት በኋላ ቁጭ ብላ በእግሯ ታልበዋለች፤ ጂኒውም ሲታለብ ሐምራዊ ብርሃን እየተፋ «ጠስ! ጠስ!» ይላል አሉ። ወሬው ጎዶማ መንደር ሲደርስ ጂኒዎቹ ሁለት ሆነው ነበር። ጎልቦ ሲደርስ ወልደዋል።

እስቲ እናስተካክለው። ጂኒ የለም። ቢኖርም ሙስሊማ ማለብ አትችልም፤ ያለቻት አንዲት ፍየል እንኳ ከሩቅ ስታያት አልታለብም ብላ በር ላይ ትተኛለች፣ የሚያልባትም የግቢው ሌላው ተከራይ ጃርሶ ነው። በእግር መርገጡ ግን እውነት ነው። ሐምራዊውም ብርሃን እውነት ነው። «ጠስ» የሚለውንማ ሦስት ቤት አልፎ ያለው የማንዳዚ ብስኩት ጠባሽ ይሰማዋል።

ሙስሊማ ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። በልጅነቷ ከእናቷ ጋር ከሜጋ በስደት ተሻገረች፣ ስደቱን እዚሁ ጨረሰች፣ አሁን ሰው ሁሉ «ፉንዲ» ይላታል። ፉንዲ እዚህ ባለሙያ ማለት ነው፤ ጫማ የሚሰፋም፣ ሬዲዮ የሚጠግንም፣ ግድግዳ አጣምሞ የሚገነባም ፉንዲ ነው። የምትኖረው በአከራይዋ በአዴ ሐሚዳ ግቢ ነው፤ ፊት ለፊት ያለው ክፍል ሱቋ፣ ከመጋረጃው ኋላ ያለው መኝታዋ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከዚያ ክፍል አልተነቃነቀችም። ደንበኛ ከማዶ፣ ከኢትዮጵያው ሞያሌም ተሻግሮ «ሰማያዊው በር» ብሎ ነው የሚመጣላት።

ነገሩን የጀመረው ጨርቅ ነው። የጥር ነፋስ ከተማውን እንደ ቋንጣ ሲያደርቀው ናይለን ቀሚስ ሁሉ ይንጣጣል። አንድ ቀን አንዲት ሙሽራ የምትለካውን ዲራ የሚሉትን ስስ ቀሚስ በራሷ ላይ ስባ ስታወልቅ ፀጉሯ ቆሞ ቀረ። ደንግጣ የመስታወቱን የብረት ጠርዝ ያዘች። ጠስ! ጮኸች። ሌላ ሰፊ ቢሆን ይቅርታ ይጠይቃል፣ ውኃ ያቀርባል። ሙስሊማ ግን መቀሷን አስቀምጣ፣

«እስቲ አንዴ ድገሚው» አለቻት።

ሙሽራዋ አልደገመችም፣ ሠርጓንም ሌላ ልብስ ሰፊ በሠራላት ቀሚስ ሠረገች። ሙስሊማ ግን ስልኳ ላይ ተተክላ ከረመች። ላስቲክ በሁለት ማጠንጠኛ መካከል ሲሽከረከር ኤሌክትሪክ እንደሚሸከም፣ ከላይ የተቀመጠ ድቡልቡል ብረት ያንን እንደሚያጠራቅም፣ ሲሞላም ወደ ሌላ ብረት ብልጭ ብሎ እንደሚዘል ከቪዲዮ ተማረች። ቪዲዮዎቹ ላይ የሚያሽከረክረው በግድግዳ ኤሌክትሪክ የሚሠራ ሞተር ነበር። ሙስሊማ ይህን ስታይ ስልኳን ዘጋችው። የግድግዳውን ኤሌክትሪክ ትፈራዋለች፤ ፈሪ ስለሆነች ሳይሆን ስለምታውቀው። ጥግ ላይ መርፌው የወደቀ የእግር ስፌት መኪና ቆሞላት ነበር። ሽቦ የለው፣ ሶኬት የለው፣ ረገጥ ካደረጉት የሚዞር ጎማ ብቻ። «ሞተሬ እኔ ነኝ» አለችና ጀመረች።

ስምንት ወር ፈጀባት። መጀመሪያ የቦዳ ቦዳ፣ የኪራይ ሞተር ብስክሌት፣ የውስጥ ጎማ ቆርጣ ላስቲክ አደረገችው። ረገጠች፣ ረገጠች፣ እግሯ አበጠ፤ አንዲት ብልጭታ የለም። ጥቁር ጎማ ከሰል ስለተቀላቀለበት ኤሌክትሪኩን ከሥር ከሥሩ እንደሚያፈሰው ያወቀችው በሦስተኛው ወር ነው። ከዚያ የቀሚስ ወገብ ላስቲክ ሞከረች፤ ተተኩሶ የጃርሶን ሻይ ደፋው። በመጨረሻ የሠራላት የአዴ ሐሚዳ ጉልበት ነው። ሐኪም ለጉልበቷ ማጠንከሪያ፣ ቢጫ፣ ሰፋ ያለ ላስቲክ ሰጥቷት ነበር፤ «በቀን ሃያ ጊዜ ሳቢው» ብሎ። ሐሚዳ በቀን አንዴም ሳትስበው ቆሻሻ ላይ ጣለችው። ሙስሊማ አነሳችው።

የማሽኑ ማማ የፕላስቲክ የውኃ ቱቦ ነው። ከጫፉ ላይ ሁለት የማይዝግ ጎድጓዳ ሳህን አፍ ለአፍ ገጥማ ድቡልቡል ራስ ሠራችለት። ሹል ነገር ኤሌክትሪኩን እንደሚያሾልክ ስላወቀች የሳህኖቹን ጠርዝ በአሸዋ ወረቀት እስክትደክም ፈተገችው። ብልጭታው የሚዘልበት ሌላኛው ብረት ደግሞ የወጥ ጭልፋ ነው። ጭልፋው በደረቅ እንጨት ላይ ታስሯል፤ ከእጀታው የወጣ ሽቦ ከግቢው የውኃ ታንከር ሥር፣ ሁልጊዜ እርጥብ በሆነው አፈር ውስጥ ክንድ ሙሉ ከተቀበረ ብረት ጋር ይገናኛል። ጭልፋውን ስታስጠጋ ብልጭታው አራት ጣት ይዘላል። እሷው ናት የለካችው፤ ሰፊ አይደለች።

ስለ አደጋው የጠየቃት ሰው መልሱን ሳይሰማ አይሄድም። «ቮልቱ ብዙ ነው፣ ጉልበቱ ጥቂት። ጩኸቱ ትልቅ፣ ጡጫው ትንሽ። እንደ አዴ ሐሚዳ። የግድግዳው ሶኬት ግን ሳይጮህ ነው የሚገድልህ።» ይህን ብላም አታበቃም። ማሽኑ ዙሪያ በልብስ ሰፊ ጠመኔ ሁለት እርምጃ የሚሰፋ ክብ ታሰምራለች፤ ማንም አይገባባትም። ጃርሶ ቤንዚን የሞላ ሞተር ብስክሌቱን ከግቢ አውጥቶ እስከ ማንዳዚ ጠባሹ ድረስ ካልገፋ መርገጫውን አትነካም። በካርቶን ላይ አሥራ አንድ ሕግ በአማርኛ ጽፋ፣ ከሥሩ በኦሮምኛና በስዋሂሊ ደግማ ሰቅላለች። ስልክ ውጭ፣ ሰዓት ውጭ፣ ልቡ ውስጥ ማሽን የተቀበረበት ሰው ጭራሽ ከግቢው ውጭ፣ ሳይፈስ የሚነካ ነገር የለም። «መፍሰስ» ማለት የማሽኑን ድቡልቡል ራስ በጭልፋው ነክቶ ባዶ ማድረግ ነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ አንዴ ትነካዋለች፤ አታምነውም።

የሚገርመው፣ እሷን የሚፈራው ከተማ ከማዶ የተገዛ ባለሁለት ጥርስ ቻርጀር በወዲህኛው ባለሦስት ቀዳዳ ሶኬት ውስጥ፣ ሦስተኛውን ቀዳዳ በእስክሪብቶ ጫፍ እያስገደደ የሚሰካ ከተማ ነው። አዴ ሐሚዳ ቴሌቪዥኗን የምትሰካው በፓስታ ሹካ ነው። ሙስሊማ ስታያት ዓይኗን ትይዛለች።

ግን አንድ ነገር ልደብቃችሁ አልችልም። ሙስሊማ ብልጭታውን የምትወደው ለራሱ ብቻ አይደለም። ሰው ሲደነግጥላት ትወዳለች። ቀሚስ ልትለካ የመጣችን ሴት ከክቡ ውጭ ወንበር ሰጥታ፣ ረገጥ ረገጥ አድርጋ፣ ጠስ! ሲል ሴትየዋ «ውይ በሞትኩት!» ስትል፣ የሙስሊማ ፊት በወር አንዴ ብቻ እንደምትሞላ ጨረቃ ያበራል። ሴትየዋ ወጥታ ታወራለች። ጂኒውም እንዲህ ነው የተወለደው።

ወሬው ዞሮ ዞሮ ሐሚዳ ጋ ደረሰ፤ የሚገርመው የመጨረሻዋ ሰሚ እሷ ነበረች። አንድ ጠዋት መጋረጃውን ገልጣ ገባች።

«አንቺ ፉንዲ፣ ጂኒ በቤቴ ሲኖር ኪራይ አይከፍልም እንዴ?»

«ጂኒ አይደለም አዴ ሐሚዳ። ላስቲክ ነው። ያንቺው ላስቲክ።»

«የኔ?»

«የጉልበትሽ።»

ሐሚዳ ጉልበቷን ያዘች። «በጉልበቴ ነው ጂኒ የምትጠሪው? ለዚህ ነዋ የማይሻለኝ!»

«የማይሻልሽ ስለማትስቢው ነው።»

ይህ መባል አልነበረበትም። ሐሚዳ እስከ ቅዳሜ ቀን ሰጠቻት፤ ወይ ማሽኑ ይወጣል ወይ ሙስሊማ። ግቢው እንዳይታመስ ብለው በአገሩ ደንብ ተስማሙ፤ ሁለቱም አንዳንድ ሽማግሌ ይመርጣሉ፣ ሽማግሌዎቹ ማሽኑን አይተው ይፈርዳሉ፣ የፈረዱት ይጸናል። ሐሚዳ ሰው ሙዜ፣ አባባ እንደ ማለት፣ የሚለውን የድሮ የከብት ደላላ አሬሮን መረጠች፤ ጢሙን በሂና አቅልሞ እሳት ያስመሰለ፣ ቶሎ የሚቆጣ ሰው። ሙስሊማ ሐጂ ሻሪፍን መረጠች፤ ደግ፣ አዋቂ፣ ግን ለራሱ ሠርግ ሳይቀር ዘግይቶ የደረሰ።

ያን ሳምንት ሙስሊማ እንቅልፍ አላገኘችም። ክፍሉን ብታጣ ሰማያዊውን በር ታጣለች፣ ደንበኛዋንም። ማሽኑን ብታጣ ደግሞ፣ ለጃርሶ እንደነገረችው፣ «ቀሪ ዘመኔን ዚፕ ስቀይር ልኑር?»

ዓርብ ዘነበ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ከተማው ያመሰግናል፤ ሙስሊማም አመሰገነች፣ ግን በግማሽ ልብ። እርጥብ አየር ለማሽኗ ጠላት ነው፤ ኤሌክትሪኩ ሳይጠራቀም ቀስ እያለ ይሾልካል።

ቅዳሜ ከአስር ሶላት በኋላ ግቢው ጢም አለ። ሐሚዳ ለወሬ ብላ የጠራቻቸው፣ ያልጠራቻቸውም። ሙዜ አሬሮ ከፊት ወንበር ላይ ዱላውን ተመርኩዞ ተቀመጠ። ሻሪፍ የለም።

«ይመጣል» አለች ሙስሊማ።

«ሻሪፍን እየጠበቅን እናረጃለን። አሳዪን» አለ አሬሮ።

ጃርሶ ሞተሩን ገፍቶ አወጣ። ሙስሊማ ክቡን አሰመረች፣ ሕጉን አንድ በአንድ አነበበች፣ ተቀመጠች፣ ረገጠች። ላስቲኩ ፉጭ ፉጭ አለ። ጭልፋውን አስጠጋች። ምንም። ይበልጥ ረገጠች፤ ላቧ በጆሮዋ ሥር ወረደ። ጭልፋውን ወደ ሳህኑ ሁለት ጣት፣ አንድ ጣት አቀረበችው። ምንም።

ከኋላ አንዱ ሳቀ። ከዚያ ሁሉም ሳቀ።

«ይኼው ነው?» አለ ሙዜ አሬሮ። «ይኼ ነው ጂኒው? ሐሚዳ፣ ለዚህ ነው ከእንቅልፌ ያስነሳሽኝ? ሴትዮዋ ሱፉሪያ፣ ባዶ ድስት፣ እያሽከረከረች ነው። ይኼ ማንን ይጎዳል? የኔ ጉልበት ከዚህ የበለጠ ይንጣጣል።» ዱላውን አነሳ። «ይኑርላት። እቃ ነው። ተፈርዷል፤ ሻይ አምጡ።»

እዚህ ላይ ቆም በሉና ነገሩን እዩት። ሙስሊማ አሸንፋለች፤ ሻሪፍ እንደሆነ የሷው ሽማግሌ ነው። ክፍሉም ማሽኑም የሷ ነው። አንዲት ቃል ሳትናገር ሻይ ብትጠጣ ኖሮ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ጃርሶ ከበሩ ላይ ሆኖ በዓይኑ «ዝም በዪ፣ ዝም በዪ» ይላታል። ሐሚዳ እንኳ ሻይ ልትጥድ ተነስታለች።

ሙስሊማ ግን ፊቷ የአሬሮን ጢም ቀለም ይዟል።

«ማንም እንዳይነሳ!» አለች።

ገብታ የከሰል ካውያዋን ይዛ ወጣች። ላስቲኩን ከማሽኑ ፈትታ፣ በነጭ ጨርቅ ሸፍና፣ እንደ ሙሽራ ቀሚስ ቀስ እያደረገች ተኮሰችው። ቱቦውን ጠረገች። ሳህኖቹን በሞቀ ጨርቅ አሸች። ካውያውን ርቃ ሄዳ ክዳኑን ዘግታ አስቀመጠችው፤ ሕግ ቁጥር ሰባት። ተመልሳ ተቀመጠችና እንደገና ረገጠች።

ጠስ!

አራት ጣት። እንዲያውም አምስት ሳይሆን አይቀርም። ግቢው ሁሉ «ውይ!» ብሎ ወደ ኋላ ሄደ፤ አንዲት ዶሮ ጣራ ላይ ወጣች። ሙዜ አሬሮ ዱላውን ጣለ።

«ሌላ» አለ።

ጠስ!

«ሌላ!»

ሦስት ጊዜ ካሳየችው በኋላ ሙዜ አሬሮ ተነሳ። ዳኛ ያልነካውን ነገር አይፈርድም አለ። ሙስሊማ ካውያ እንዳልነካው ጨርቅ የተጨማደደ ፊት አሳየችው፣ ለመነችው፣ ሻሪፍ ይምጣ አለችው። አልሰማም። እሺ አለች፣ ግን በሕጉ።

«ስልክ?»

«ይኸው።»

«ሰዓት? ሳንቲም? ቁልፍ?»

«ልብሴንም ላውልቅ?»

«ልብዎ ውስጥ ማሽን አለ ሙዜ?»

«ልቤ ውስጥ ሦስት ሚስት ነበሩ። ማሽን ከነሱ በኋላ ምን ይሠራል?»

የለስላሳ የፕላስቲክ ሣጥን በደረቁ መሬት ላይ ገለበጠችለት። ቆመበት። መጀመሪያ የማሽኑን ራስ በጭልፋ ባዶ አደረገችው፣ ከዚያ የአሬሮን የግራ እጅ ሳህኑ ላይ አስቀመጠችለት። «እጅዎን አያንሱ። እኔ በጭልፋ ሳልነካዎ አይውረዱ። ማንንም አይንኩ» አለችና ቀስ ብላ መርገጥ ጀመረች።

መጀመሪያ የጢሙ ጫፍ ተነቃነቀ። ከዚያ አንድ በአንድ፣ ከዚያ በቡድን፣ ቀዩ ጢም ከፊቱ ላይ ዙሪያውን ተነስቶ ቆመ። ሙዜ አሬሮ በአንድ ጊዜ ፀሐይ ወጣችበት። ኮፍያው ብድግ ብላ ወደቀች። ሰው ሳቁን ዋጠ፤ ያልቻለ ወደ ግድግዳ ዞረ።

«ምን ሆነ? ምን ትስቃላችሁ?»

«ምንም ሙዜ፣ አምሮብዎታል» አለ ጃርሶ።

ልክ ያኔ ሰማያዊው በር ተከፈተና ሐጂ ሻሪፍ ገባ። የተከፈተ በር ያለ ሰላምታ የሚያልፍ ሰው ሞያሌ ውስጥ አይገኝም፤ ሻሪፍ ደግሞ የሰላምታ ሰው ነው፣ ግመልህን፣ መንገድህን፣ ያክስትህን ልጅ ሳይጠይቅ እጅህን አይለቅም።

«አሰላሙ ዓለይኩም!» አለ፤ ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ ክቡን ረግጦ፣ በቀጥታ ወደ አሬሮ።

«እንዳትነካው!» ጮኸች ሙስሊማ።

ግን የተዘረጋ የሻሪፍን እጅ አለመጨበጥ ማለት፣ በአርባ ዓመት ጓደኛ ፊት ላይ በር መዝጋት ማለት ነው። አሬሮ ሳያስብ «ወዓለይኩም» ብሎ ቀኝ እጁን ዘረጋ።

ጠስ!

ሁለቱ ሽማግሌዎች እኩል ጮኹ፣ እኩል ዘለሉ።

«ነከስከኝ!» አለ ሻሪፍ።

«እኔ? አንተ ነህ የነከስከኝ!»

«አርባ ዓመት በደህና ጨብጠኸኝ ዛሬ?»

«አንተ በሰዓቱ ብትመጣ ይኼ ይሆናል?»

ሙስሊማ ጭልፋዋን ይዛ ደርሳ የአሬሮን ክርን ነካ አደረገች፤ የቀረችው ብልጭታ ጠስ ሳትል እንደ ማስነጠስ «ጺ» ብላ አለቀች። ሁለቱንም መረመረች። የሻሪፍ ጣት ጫፍ ትንሽ ቀይ ነው። የአሬሮ ምንም የለበትም፤ ከክብሩ በቀር።

ሻይ መጣ። ሽማግሌዎቹ ግድግዳው ጥግ ተቀምጠው መከሩ፣ መጀመሪያ ማን ማንን እንደነከሰ፣ ከዚያ ስለ ማሽኑ። ሐሚዳ «አይታችኋል! ሐጂን ሳይቀር!» እያለች ከበላያቸው ትዞራለች።

ሻሪፍ ካርቶኑን አስወርዶ አነበበ። «አሥራ አንድ ሕግ ጽፈሽ ሰላምታን ረሳሽው?»

«ሰላም የሚል ይመጣል ብዬ አልጠረጠርኩም።»

«ሞያሌ ውስጥ?»

ሙስሊማ እስክሪብቶ አነሳች። «አሥራ ሁለተኛ እጽፋለሁ። ማሽኑ ሲዞር ሰላምታ የለም።»

«አይሆንም» አለ አሬሮ። ጢሙ ገና በግማሽ ቆሟል። «ሰው ሰላም ብሎኝ ዝም ብለው፣ ተጣልተናል ብሎ ቤቴ ሽማግሌ ይልካል። ሽማግሌዎቹም ሲመጡ ሰላም ይሉኛል። የት ላይ ነው የሚያቆመው?»

ሙስሊማ እስክሪብቶውን መልሳ ጆሮዋ ላይ ሰካች። እውነትም የትም አያቆምም።

በመጨረሻ ሻሪፍ ጉሮሮውን ጠርጎ ፍርዱን ተናገረ። ማሽኑ ይቆያል፤ ሴትዮዋ ጠንቃቃ ናት፣ የተነከሱት ሕጉን የጣሱት ናቸው። ሙስሊማም ከክፍሏ አትወጣም። ግን ከዛሬ ጀምሮ ማሽኑ የሚዞረው የግቢው በር ከውስጥ ተቀርቅሮ፣ ሐሚዳም ጃርሶም ሌላም ሰው በሌለበት፣ እሷ ብቻዋን ሆና ነው። ሰላም የሚል ከሌለ የሚነከስ የለም።

«እሰይ!» አለች ሐሚዳ። ጃርሶ አጨበጨበ። አሬሮ ኮፍያውን ከጣራ ከወረደችው ዶሮ ሥር ፈልጎ አገኘ። ሰው ሁሉ እንኳን ደስ ያለሽ ሊላት ወደ ሙስሊማ ዞረ፤ ቤቷንም ማሽኗንም ይዛለች፣ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል።

ሙስሊማ ጭልፋዋን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ሁሉንም አየቻቸው። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀች።

«እሺ። ታዲያ ብቻዬን ሆኜ ጠስ ሲል፣ ማን ይደነግጥልኛል?»